ፖሊሱና እኔ ሳንማከር የዋሸነው

የአናቴን መልክ ያወቅኩት ከፖሊስ ደረት ላይ ነው። ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ተሸክሜው ስዞር አንድም ቀን ከላይ አይቼው አላውቅም ነበር። ሚስቴ «መሃሉ ሳሳ ብሏል» ትለኛለች፤ ጸጉር አስተካካዬ ደግሞ «እዚህ ጋ ብዙም አልነካውም» ብሎ በትህትና ያልፈዋል። ለካ ሁለቱም ሲያባብሉኝ ነው የኖሩት። ካሜራ ይሉኝታ የለውም። ጠበቃዬ ቢሮ ውስጥ አናቴ ስክሪኑን ሞልቶ፣ በፀሐይ እያብለጨለጨ ወደ እኛ ሲመጣ፣ ጠበቃዋ ራሷ ወንበሯን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አደረገች።

አናቴ እዚያ ምን እንደሚሠራ ለማስረዳት ግን ከመኪናዬ የኋላ መብራት መጀመር አለብኝ።

የፋሲካ ሰሞን ነው፤ ያ ሁላችንም አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን የምንሄድበት የኮቪድ ዘመን። በዓል ነውና ኮሮላዬን አሳጥቤ፣ መስታወቷን ፊት እስኪያሳይ ድረስ አስወልውዬ፣ ከሥራ ወደ ቤቴ ወደ ዌስተርቪል እየነዳሁ ነበር። የኋላ መብራቷ አንዱ መቃጠሉን ያጠቧት ልጆች አልነገሩኝም። የነገረኝ ፖሊስ ነው። የየትኛው ከተማ ፖሊስ እንደሆነ አልናገርም። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ኮሎምበስ ዙሪያ በየአምስት ደቂቃው መንገድ አንድ ትንሽ ከተማ አለ፤ እያንዳንዱም የራሱ ከንቲባ፣ የራሱ ፖሊስና የራሱ ኩራት አለው። እናንተ የፈለጋችሁትን ገምቱ።

በዚህ አገር ፖሊስ ሲያስቆማችሁ ከመኪና አትወርዱም። እጃችሁን መሪው ላይ አድርጋችሁ፣ እንደ ሐውልት ቁጭ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እንዲያውም በዲቪ አዲስ ለሚመጡ ልጆች ሁሉ ይህን ትምህርት የምሰጠው እኔ ነኝ። «እንዳትወርዱ፣ እንዳትንቀሳቀሱ» እያልኩ ስንቱን አስተምሬያለሁ። ነገር ግን ከዚህ በፊት አሥራ አንድ ዓመት አዲስ አበባ ታክሲ ነድቻለሁ። እዚያ ትራፊክ ፊሽካ ነፍቶ መኪናው ውስጥ ተጎልቶ የሚጠብቅ ሾፌር ከተገኘ፣ ወይ የባለሥልጣን ዘመድ ነው ወይ ቅጣት አምሮታል። ደንበኛው ሾፌር ፈጠን ብሎ ይወርዳል፣ መንጃ ፈቃዱን ይዞ፣ ፊቱን አሳዝኖ፣ «ጌታዬ» እያለ ይቀርባል። ያን ቀን ሰማያዊና ቀይ መብራት ከኋላዬ ሲበራ ጭንቅላቴ ኦሃዮ ነበር፤ እግሬ ግን መገናኛ ነበር። ወረድኩ።

መውረድ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። እናቴ በቁንጥጫ ያስተማረችኝ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ለሚከበር ሰው ዕቃ ሲሰጥ በአንድ እጅ አይወረወርም። ቀኝ እጅ ይዘረጋል፣ ግራ እጅ የቀኙን ክርን ደገፍ ያደርጋል፣ ወገብም ጎንበስ ይላል። እኔ ያደረግኩት ይኸው ነው። ፖሊሱ ያየው ደግሞ ፊቱን በማስክ የሸፈነ ጎልማሳ ከመኪናው ዘሎ ወርዶ፣ አቀርቅሮ፣ ግራ እጁን ወደ ጃኬቱ ሥር እየላከ በጥድፊያ ሲመጣበት ነው። የኔን አክብሮት እኔ ነኝ የማውቀው፤ እሱ እናቴን አያውቃትም።

እጁን ሽጉጡ ላይ አሳረፈና ጮኸ። እንግዲህ የሚከበር ሰው ሲቆጣ ምን ይደረጋል? የበለጠ ጎንበስ ይባላል። የበለጠ ጎነበስኩ። እሱ ወደ ኋላ ሸሸ። መንጃ ፈቃዴን ሳይቀበለኝ ሊሄድ ነው ብዬ ተከተልኩት። ደግሞ ጮኸ፣ ደግሞ ጎነበስኩ፣ ደግሞ ሸሸ። በዚህ ዓይነት የሁለት መኪና ርዝመት ያህል ተጓዝን። በመጨረሻ መንጃ ፈቃዱን የያዘው እጄ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለ ጥቁር ነገር ነካ። ካሜራው ነበር። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጉንጬ ኮፈኑ ላይ ተለጥፎ፣ እጄ ወደ ኋላ በካቴና ታስሮ፣ ኮሮላዬ እንዴት ጥሩ አድርገው እንዳጠቧት በቅርበት እያየሁ መሆኑን ነው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፈቱኝ። ከመብራቱ ቅጣት ጋር ግን አንድ ሌላ ወረቀት ሰጡኝ። የፖሊስን ሥራ ማደናቀፍ የሚል ክስ ነው። ለብዙ ሰው ይህ ቀላል ክስ ነው ይባላል። ለእኔ ግን ቀላል አልነበረም፤ እንጀራዬ ሕመምተኞችን ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ቫን መንዳት ነው። ኩባንያው በየዓመቱ ሪከርዳችንን ያጣራል። ከፖሊስ ጋር የተጋፋ ሾፌር ሽማግሌና አሮጊት በዊልቸር ጭኖ እንዲዞር አይፈቅድም። ከተፈረደብኝ የቫኑን ቁልፍ አስረክባለሁ። በዚህ ዕድሜዬ መጋዘን ገብቼ ካርቶን ልሸከም ነው ማለት ነው፤ ወገቤ ደግሞ ለመጎንበስ እንጂ ለመሸከም እንደማይሆን ያን ቀን ታይቷል።

ብልህ ሰው ቢሆን ዝም ይላል። እኔ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።

ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ ሌላ ጉባኤ አለ። በማስክና በርቀት ቢሆንም ያን ጉባኤ ኮቪድ እንኳን አልበተነውም። ስታሰር አንድ ሰው በመኪና ሲያልፍ አይቶኝ ኖሮ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ወንዶቹ ከበቡኝ። «እስቲ ንገረና፣ ምን አደረገህ?» አሉኝ። አሁን አስቡት፤ አሥራ አምስት ወንድ ዙሪያዬን ቆሞ፣ «ጎንበስ ብዬ ስከተለው ሸሸኝ» ልበል? አፌ ከእኔ ሳይማከር ተከፈተ። «‹እኔ ሕግ አውቃለሁ፣ እንደዚህ አትናገረኝም› አልኩት» አልኩ። ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ጸጥታው ጣመኝ። «እጁን ሲሰነዝርብኝ ደረቱን ይዤ ገፋ አደረግኩት» አልኩ። አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እንደዚያ ቀን ተከብሬ አላውቅም።

ቤት ስንደርስ ሚስቴ ጫማዋን እያወለቀች፣ «እኔ እዚህ ቤት እንዲህ ያለ ሰው እንዳለ ሳላውቅ ሃያ ዓመት ኖርኩ» አለች። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔው ግን እያደር ከበደ።

በሳምንቱ ጠበቃዬ የፖሊሱን ሪፖርት ላከችልኝ። ጠበቃዬ መንግሥት ያቆመልኝ ልጅ እግር ሴት ናት፤ ሁልጊዜ የምትቸኩል፣ ነገር ግን ስልክ የምትመልስ። ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሾፌሩ በቁጣ ከመኪናው ወረደ፤ ሦስት ጊዜ ተመለስ ብዬ ባስጠነቅቀው እንቢ አለ፤ መጥቶ ደረቴን ገፈተረኝ ይላል። ይህ የኔው ወሬ ነው። ቃል በቃል ማለት ይቻላል። እኔ ፓርኪንግ ሎት ላይ ቆሜ፣ እሱ ቢሮው ተቀምጦ፣ ሳንማከር አንድ ዓይነት ውሸት ዋሽተናል። በሁለታችንም ታሪክ ውስጥ አንድ የማይፈራ ሰው አለ። ያ ሰው እኔ ብሆን ምንኛ ደስ ባለኝ።

እዚህ ላይ ጋሼ ደምሴ ይገባሉ። ጋሼ ደምሴ በሱዳን አድርገው ከሠላሳ ዓመት በፊት ኮሎምበስ የገቡ፣ የተኳረፉ ባልና ሚስትም ሆኑ የተጣሉ ሸሪኮች በእጃቸው የሚያልፉ፣ የሁላችንም ሽማግሌ ናቸው። ሽምግልና ደግሞ ማን ትክክል ነው ብሎ አይጀምርም። መጀመሪያ የተቆጣው ሰው ልብ መብረድ አለበት። «አጥፍቷል፣ ጥፋቱንም አምኗል፣ ለእኛ ሲባል ይቅር በለው» ይባላል። አጥፊው ያላጠፋውም ጭምር ተመርቆ ይታመንለታል፤ ከታረቁ በኋላ ማን ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የኔን ጀብዱ የሰሙት ጋሼ ደምሴ ለእኔ ሳይነግሩኝ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። በኋላ እንደ ነገሩኝ እኔን ድንጋይ አሸክመው ሊወስዱኝም አስበው ነበር፤ እንደ አገር ቤቱ ባህል ማለት ነው። ማስክ ያደረገ ሰው ቋጥኝ ተሸክሞ ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ ምን ሊከተል እንደሚችል ሲያስቡት ተዉት። ይህችን ማስተዋላቸውን እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

ያን ዕለት ከሰዓት ደስ ብሏቸው ደወሉልኝ። ፖሊሱን ራሱን አስጠርተው እንዳገኙት፣ «ልጃችን ገፍትሮሃል፣ ተሳስቷል፣ በእኛ በሽማግሌዎቹ ይሁንብህ» ብለው እንደለመኑት፣ እሱም በጥሞና እንዳዳመጣቸው ነገሩኝ። የሦስቱንም ስምና ስልክ ቁጥር ሳይቀር በጥንቃቄ ጽፏል አሉ። ደረቱ ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ቦግ ብላ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «አዎ፣ መብራት ነበራት» አሉኝ። «ምነው?»

ጠበቃዬ በሦስተኛው ቀን ደወለች። ነጭ ልብስ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ፖሊስ ፊት ቀርበው መግፈተርህን በቪዲዮ አረጋግጠዋል፤ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው፣ የት ሆነውስ አዩህ አለችኝ። ስለ ሽምግልና ላስረዳት ሞከርኩ። እሷ ግን የመጀመሪያውን ቪዲዮ፣ የመንገድ ላዩን፣ እንዲሰጡን መጠየቅ አለብን አለች። በኦሃዮ ሕግ ማንም ሰው መጠየቅ ይችላል። መጠየቅ ይችላል እንጂ መጠበቅን ሕጉ አላሳጠረውም፤ ሳምንታት አለፉ። በእነዚያ ሳምንታት ሁለት ጸሎት እጸልይ ነበር። ጠዋት ቪዲዮው እንዲመጣልኝ፣ ምክንያቱም ሥራዬ። ማታ ቪዲዮው እንዲጠፋልኝ፣ ምክንያቱም ፓርኪንግ ሎቱ። እግዚአብሔር ከሁለቱ የትኛውን እንደሚሰማ ግራ ሳይገባው አልቀረም።

መጣ። ልጄን ማክዳን ይዤ ጠበቃዬ ቢሮ ሄድኩ። ማክዳ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በአማርኛ የምጠይቃትን በእንግሊዝኛ የምትመልስ፣ የሕግ ቋንቋ ሲጠነክርብኝ የምትተረጉምልኝ። የሚታየውን ቀድሜ ነግሬአት ቢሆን ጥሩ ነበር። አልነገርኳትም።

ያ ካሜራ አንድ ጠባይ አለው። ፖሊሱ ቁልፉን ሲጫን ከመጫኑ በፊት ያለችውን አንዲት ደቂቃ ወደ ኋላ ሄዶ ያስቀምጣል፤ ምስሉን ብቻ፣ ያለ ድምፅ። ስለዚህ የጉዳዩ ዋና ክፍል ድዳ ነው። አናቴ በዝምታ ይመጣል። ከዚያ የተዘረጋ እጅ። ከዚያ መንጃ ፈቃዴ እየቀረበ፣ እየቀረበ ስክሪኑን ይሞላና ፎቶዬ ከነፈገግታው ያፈጥብናል። ድምፁ የሚጀምረው እዚያ፣ ፖሊሱ ገና መሸሽ ሳይጀምር ነው። ጩኸቱ ሁሉ አለ፣ «እጅህን አሳየኝ!» የሚል፤ ከጩኸቱ ሥር ደግሞ አንድ ቀጭን ድምፅ «ሶሪ ሰር፣ ሶሪ ሰር» ይላል። የማን ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ።

ማክዳ ስክሪኑን እንጂ እኔን አላየችም። «ዳድ፣ ለምንድነው የምትስቀው?» አለች በእንግሊዝኛ። እውነትም ኮፈኑ ላይ ተጋድሜ ማስኬ ወርዶ ጥርሴ ይታያል። አልሳቅኩም፤ ከፍርሃት ጋር የሚመጣ የፊት ነገር ነው። ይህን ለልጅ ማስረዳት ቀላል አይደለም፤ አፈርኩ፣ በቃ።

ጠበቃዋ አሳሳቢውን ነገር ነገረችን። ማስጠንቀቂያ ሰጥቻለሁ ያለው ድምፅ በሌለበት ደቂቃ ነው፤ ካሜራው ደግሞ ደረቱ ላይ ስለሆነ የራሱን አፍ አያሳይም። ገፍትሮኛል ያለውም እጄ ካሜራውን ሲነካ ምስሉ ስለተናወጠ ከዚህም ከዚያም ሊተረጎም ይችላል፤ ሦስቱ ሽማግሌዎች ደግሞ ገፍትሯል ብለዋል። ማክዳ ቪዲዮውን መልሳ መላልሳ ታየው ነበር። አንድ ቦታ አቆመችውና አጎላችው። በታጠበው የኋላ መስታወቴ ላይ ፖሊሱ ራሱ ቆሞ ይታያል፤ ማስኩ አገጩ ላይ፣ አፉ ግጥም ብሎ የተዘጋ። ያችን ደቂቃ ከዳር እስከ ዳር አየናት። አንዴም አልተከፈተም።

የማስጠንቀቂያው ነገር በዚህ አለቀ። የግፍተራው ግን በሽማግሌዎቹ ቃል ላይ ቆሞ ቀረ። አቃቤ ሕጓ ሽማግሌዎቹ ከየት እንደሰሙት ማወቅ አለብኝ ብላ ጋሼ ደምሴንና እኔን ቢሮዋ ጠራችን። መቅጃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጋሼ ደምሴ ክራቫት አስረው መጥተዋል። እሳቸው መጀመሪያ ተጠየቁ። ላስታርቅ እንጂ ልመሰክር አልሄድኩም፣ በዓይኔ ያየሁት የለም፣ የነገረን እሱ ራሱ ነው ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ።

ሴትዮዋ ገፍትረኸዋል ወይ አለችኝ። አልገፈተርኩም አልኩ። ታዲያ ለምን ገፋሁት ብለህ ነገርካቸው አለችኝ። ፈርቼ ስለነበር ነው አልኳት። በእንግሊዝኛ ስለሆነ እንደ አድራሻና እንደ ትውልድ ዘመን ቀለል ብሎ ወጣልኝ።

ጋሼ ደምሴ ጆሯቸውን አስጠግተው፣ «ምን አልካት?» አሉኝ።

በአማርኛ መድገም ነበረብኝ። «ፈርቼ ነበር ጋሼ። እየተንቀጠቀጥኩ ነበር የምለምነው። ሰው ፊት እንደዚያ ማለት አቃተኝ።»

እሳቸው ክራቫታቸውን ለቀቅ አደረጉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የወጣውን ግን ያን ቀን በገዛ እጄ ከአፋፉ ጎትቼ አመጣሁት። ክሱ በሁለተኛው ሳምንት ተነሣ። የመብራቱን ቅጣት ከፈልኩ፣ አምፖሉን አስቀየርኩ፣ ቫኔን እየነዳሁ ነው። ፓርኪንግ ሎቱ ላይ አሁን ትከሻዬን የሚመታ የለም፤ ትከሻዬም ተመችቶታል።

ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ደግ ነበር። ጠበቃዬ ግን ውሸት የጻፈ ፖሊስ ነገም ይጽፋል ብላ አቤቱታ አስገብታልኝ ነበር፤ ጣቢያው መርምሮ ደብዳቤ ላከ። ጋሼ ደምሴ ደብዳቤ መምጣቱን ሲሰሙ እኛ ቤት ከች አሉ። ማክዳ አነበበችልን። መኮንኑ በሪፖርቱ ላይ ያሰፈረው ከቪዲዮው ጋር እንደማይገጥም ታውቋል ይላል። ሲጠየቅ ሾፌሩ ከመኪና ወርዶ ሲመጣ እጅግ ፈርቼ ነበር፣ በኋላም የፈራሁትን በሚገባኝ መንገድ ጻፍኩት ብሏል። ስለዚህ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ምርመራው ቀጥሎ ውጤቱ በመኮንኑ ፋይል ውስጥ እንዲገባ፤ ሁለተኛው ሁለታችን ሚዲየሽን የሚባል ነገር ላይ ተቀምጠን ተነጋግረን እንድንጨርስና ፋይሉ ላይ ምንም እንዳይጻፍ። ሁለተኛውን ከመረጥክ እዚህ ጋ ፈርም ይላል።

ጋሼ ደምሴ ፊታቸው በራ። «አየህ፣ እነሱም ሽምግልና አላቸው» አሉ። ሠላሳ ዓመት እዚህ አገር ኖረው ይህን ዛሬ ማወቃቸው አስቆጫቸው። እስክሪብቶ ከኮት ኪሳቸው አውጥተው፣ ክዳኑን ከፍተው ሰጡኝ። «የሰው እንጀራ ነው፣ እሱም ልጆች ይኖሩታል። ፈራሁ ካለ ምን ቀረው?» አሉኝ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሆዴ ባባ። ያ ሰውዬ ከእኔ በቀር ማንም የማያውቀውን ነገር ተናግሯል። እኔም ፈርቼ ዋሸሁ፣ እሱም ፈርቶ ዋሸ፤ ምን ለያየን አልኩ። ጮክ ብዬ ሳልለው አልቀረሁም። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ።

«ዳድ» አለች ማክዳ። ከዚያ እንግሊዝኛዋን ተወችው። ያቺን እየተንገዳገደች የምትወጣ አማርኛዋን አንድ በአንድ እየፈለገች፣ ጋሼ ደምሴም እንዲሰሟት ቀስ ብላ ተናገረች።

«እሱ የፈራው ሽጉጥ ይዞ ነው። አንተ የፈራኸው መንጃ ፈቃድ ይዘህ ነው።»

ጋሼ ደምሴ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አዩ። የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠምኩና፣ በአንድ እጄ፣ መለስኩላቸው።